ሃርድቶፕ፣ የአዳማ ንፋስና ሁለት ትርፍ ባሌስትራ

ሃርድቶፗን፣ ማለትም የድሮዋን ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ የገዛሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። የ1996 እ.ኤ.አ. ምርት፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ፊትም ኋላም ባሌስትራ (መኪናዋ የምትቆምበት የተደራረበ ዝርግ ብረት)። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከዴራ እስከ ኢተያ ገጠር ለገጠር ስዞር በጭቃ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። ያሳፈረችኝ አስፋልት ላይ ነው። በሳምንት አንዴ መድኃኒት ለማምጣት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ከ80 ስታልፍ መስመሯን ትታ የራሷን መንገድ መፈለግ ትጀምራለች። ወደ አዳማ ስቃረብ፣ የንፋስ ማመንጫዎቹ በሚታዩበት በኩል፣ ንፋሱ ከጎን ሲመታት መሪውን እንደ እምቢተኛ ወይፈን ቀንድ በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር የምገባው። ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሲቀድመኝ ደግሞ ትንፋሼን እይዛለሁ።

መጀመሪያ የተሞኘሁት በጎማ ነው። አንድ ሱቅ «አዲስ» ብሎ ሸጠልኝ፤ እውነትም መሬት አልነካም። ጎኑ ላይ ያለው ኮድ ግን በ2311 ያበቃል። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ የ2011 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት። አሥር ዓመት መጋዘን የከረመ ላስቲክ ድርቆሽ ነው፤ አስፋልት አይዝም። እኔ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ በሉ።

ቀጥዬ የመሪ ዳምፐር፣ የመሪውን መንቀጥቀጥ የሚያለዝብ ዕቃ፣ አስገጠምኩ። ለሦስት ሳምንት ደስ አለኝ። መንቀጥቀጡን ዋጠው እንጂ አላዳነውም። ለታመመች ላም ማስታገሻ ወግቶ እንደመሄድ ነው፤ በዚህስ በሙያዬ ማፈር ነበረብኝ።

በስተመጨረሻ ወደ ወንጂ መውጫ፣ ታፔላ እንኳ ያልሰቀለ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ከመሬት ከፍ ላስደርጋት አስቤ ነበር» አልኳቸው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲመክረኝ ከርሟል። «ዶክተር፣ አንቺ ሳትመረምሪ መድኃኒት ትሰጫለሽ?» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ምርመራቸውን ቆሜ አየሁ። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ረዳታቸው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ያወዛውዛል፤ እሳቸው ከሥር ተኝተው እያንዳንዱን ቴስቲና (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያ) በእጃቸው ጨብጠው ያዳምጣሉ። ከአራቱ ሁለቱ ላልተዋል። በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ገፋ ሳብ ሲያደርጉት የኪንግ ፒኑ (የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ምሰሶ) ኩሽኔታም ይንገጫገጫል። የባሌስትራው ጎሚኒ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ሲወጣ እንደ ቡና አተላ እጃቸው ላይ ፈረሰ።

ዋናው ጉድ ግን ከኋላ ነበር። የቀድሞው ባለቤት እህል ሲጭንባት ኖሮ በየጎኑ አንዳንድ ባሌስትራ ደርቦባታል። ባዶዋን ስትሄድ ኋላዋ ሽቅብ፣ አፍንጫዋ ቁልቁል ነው። የፊት ጎማ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ያ ምሰሶ ራሱ ወደ ኋላ ጋደል ማለት አለበት፤ መካኒኮች ካስተር ይሉታል። ከታጠፉ በኋላ መሪው ራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው በዚህ ነው። መኪናዋ ስታጎነብስ ያ ጋደል ማለት ይቀንሳል፣ መሪውም ይቅበዘበዛል። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ አላይመንት ያሠራሁት በከንቱ ነው፤ እንደሷ ባለ ድፍን አክስል (ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኝ ወጥ ብረት) ላይ አላይመንት ቤቱ የሚያስተካክለው የፊት ጎማዎቹ እርስ በርስ የሚተያዩበትን ነገር እንጂ ካስተሩን አይነካም።

ትርፎቹ ባሌስትራዎች ወጡ። ከፊት በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል ቀጭን የብረት ሽብልቅ ገባ። ሁለት ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ በሙሉ፣ አራት አሞርዛተር ተቀየሩ። ጎማውም ጠባቡ 7.50 በ16 ቀርቶ 235/85 በ16 ሆነ፤ ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪውን አያሳብደውም። የድሮው ቸርኬ የሚፈታታውና ካላማዳሪ የሚፈልገው ዓይነት ስለነበር ያገለገሉ ድፍን ቸርኬዎች ገዛሁ። ጎሚስታዬ ሁሌ 60 ይሞላልኝ የነበረውን ንፋስ ባዶ ስሄድ ከፊት ወደ 38 አወረድነው፤ የኋላውን እንደ ጭነቱ ከፍ እናደርጋለን። ጎማና ቸርኬውን ሳይጨምር ወጪው ያኔ ከሁለት ኩንታል ጤፍ አልበለጠም።

ቅሬታዬን አልደብቅም። «ሁለት ቀን» ያሉኝ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ደረሰኝ የለም። የሾፌሩ ወንበር ላይ የግራሶ መዳፍ ታትሞ ተመለሰልኝ፣ እስካሁን አለ።

አሁን በ95 አንድ እጄ መሪው ላይ ሆኖ እሄዳለሁ፤ ከጉድጓድ ስወጣ መሪው ራሱ ይመለሳል። ንፋሱ አሁንም ይገፋታል፤ ሳጥን ሳጥን ነው፣ ያንን ማንም መካኒክ አይፈታውም። ሲዘንብ አስፋልት ላይ ባለአራት ጎማውን አስገቢ ያለኝን ደላላ ደግሞ እንዳትሰሙ፤ የዚህች መኪና የፊትና የኋላ ጎማ እኩል እንዲዞር ይታሰራል፣ ጎማ በሚይዝ መንገድ ላይ ስትታጠፉ ማርሹን ይጎዳል፣ መሪውንም ያከብዳል። በወር አንዴ ሶደሬ ለመዋኘት ከሆነ ሱዙኪ ቪታራ ግዙ። ገንዘቡ ያለው ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራችውን፣ ከፊት በባሌስትራ ፈንታ ጥቅልል ሞላ ያላትን ይፈልግ፤ አንዴ ነድቻታለሁ፣ ቀናሁ።

ትርፎቹን ባሌስትራዎች ጋሼ «ይቅሩልኝ» ብለው አስቀሩ። በወሩ ለቅባት ስመለስ አንጥረኛ ከባሌስትራው የሠራውን ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሽንኩርት የምከትፈው በእሱ ነው፤ ከመኪናዋ ሥር ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አሁን ይጠቅመኛል።