ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ በሌዘር ማስቀረጽ፦ ፋይበር፣ ሲኦቱ ወይስ ዳዮድ?

ጊታራቸው ላይ ስማቸውን፣ የባንዳቸውን ምልክት ወይም የወደዱትን ጥለት ማስቀረጽ የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "የትኛው ሌዘር ይሻላል?" ብለው ነው። እኔ ጥያቄውን ልገልብጠው። የሚቀረጸው የጊታሩ የቱ ክፍል ነው? ከምንስ ነው የተሠራው? እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ሌዘር መምረጡ ከባድ አይደለም። ካላወቃችሁ ግን ውድ ማሽን ያለው ባለሙያ ጋ ሄዳችሁም ዕቃችሁ ተበላሽቶ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሌዘሮች ሦስት ናቸው። ዋናው ልዩነታቸው የብርሃናቸው የሞገድ ርዝመት ነው። ዳዮድ ሰማያዊ ብርሃን አለው፤ 450 ናኖሜትር አካባቢ። ፋይበር 1064 ናኖሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም። ሲኦቱ፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው፣ 10,600 ናኖሜትር ነው፤ እሱም አይታይም። እንጨትና አክሪሊክ (መስታወት መሰሉ ፕላስቲክ) የሲኦቱን ብርሃን ጥርግ አድርገው ይውጡታል። ያልተቀባ ብረት ግን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ፋይበር ተቃራኒው ነው፤ ብረት ላይ ጎበዝ፣ እንጨት ላይ ሰነፍ። ግልጽ አክሪሊክ ላይ ዳዮድ ብታበሩ ደግሞ ብርሃኑ ሰተት ብሎ ያልፍና ከሥር ያለውን ጠረጴዛ ያቃጥላል።

ስለዚህ "80 ዋት ማሽን አለን" የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። 80 ዋት ሲኦቱ የማይደፍረውን የብረት ሳህን 20 ዋት ፋይበር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀርጸዋል። እርግጥ ለሲኦቱም መላ አለ። ብረቱ ላይ ሞሊብዲነም ያለበት ስፕሬይ ተነፍቶ በሌዘሩ ሙቀት እንዲጣበቅ ይደረጋል። ጥቁርና ጥርት ያለ ምልክት ይወጣል። ግን ብረቱ ላይ የተለጠፈ እንጂ የተቀረጸ አይደለም፤ በጣት ብትዳስሱት ጉድጓድ አታገኙም።

ኔክ ፕሌት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ይሄን

አንገታቸው ከአካላቸው ጋር በአራት ቪቲ በሚታሰር ጊታሮች ጀርባ ላይ ያለችው አራት ማዕዘን የብረት ሳህን ኔክ ፕሌት ትባላለች። የተለመደው መጠኗ 51 በ64 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለጥ ያለች ናት። በካቻቢቴ ትፈታለች። ብትበላሽ ሌላ ይገዛል። የመጀመሪያዋን አስቀምጣችሁ አዲስ ባዶ ፕሌት ማስቀረጽ ትችላላችሁ፤ ጊታሩን ወደፊት ለመሸጥ ካሰባችሁ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስትፈቱ ግን አንገቱም አብሮ ስለሚለቅ አስቀድማችሁ ክሮቹን አላሉ።

እዚህ ላይ ትልቁ ምርጫ በክሮምና በስቴንለስ መካከል ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛው ፕሌት ተራ ብረት ሆኖ በኒኬልና በክሮም የተለበጠ ነው። ከላይ ያለው ክሮም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያነሰ ውፍረት አለው። ፋይበሩ ላይ ላዩን ከነካው ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ይወጣል፤ ያምራልም። ጠለቅ ብሎ ከቆፈረ ግን ልባጡን አልፎ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ከዚያ የእጅ ላብ ሲነካው ከቅርጹ ጠርዝ ዝገት ይጀምራል። ስቴንለስ ሲሆን ከሥሩም ያው ስቴንለስ ነው። ጠልቆ ቢቀረጽም ይህን ያህል አያሰጋም። ሦስተኛው አማራጭ ብራስ፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በጥልቀት ለመቅረጽ ይመቻል፤ ጉድጓዱን በጥቁር ቀለም ሞልቶ ላዩን መጥረግ ይቻላል። ውሎ አድሮ ይጠቁራል። ያንን የሚወዱ አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ፋይበር ሲባል ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ተራው ኪው ስዊች የሚባለው ነው፤ የብርሃን ምቱ ርዝመት አይቀየርም ማለት ይቻላል። ሞፓ የሚባለው ግን ምቱን ማሳጠርም ማስረዘምም ይችላል። በዚህ ምክንያት ስቴንለስና ታይታኒየም ላይ ሰማያዊ፣ ወርቃማ፣ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል። ቀለም የተቀባ ነገር ግን የለም። ብረቱ ሲሞቅ ላዩ ላይ ስስ ኦክሳይድ ይፈጠራል፣ የምናየውን ቀለም የሚወስነው የዚያ ውፍረት ነው። ስለዚህ ሲፋቅ ይሄዳል፤ ጊታሩን አዘንብላችሁ ስታዩትም ቀለሙ ይለዋወጣል። ኔክ ፕሌት ደግሞ ስትጫወቱ ከልብሳችሁና ከቀበቶ መቆለፊያችሁ ጋር ሲፋተግ ነው የሚውለው። ለዚህ ቦታ ለሞፓ ጭማሪ አትክፈሉ። ጥልቅ ቅርጽ በተራው ፋይበር ይበቃል። ሞፓ ዋጋው የሚገባው አኖዳይዝድ አሉሚኒየም (ላዩ በኤሌክትሪክ ጠንካራ ኦክሳይድ እንዲለብስ የተደረገ) ላይ ጥቁር ምልክት ስትፈልጉ ነው።

ኃይል ያለው ዳዮድም ስቴንለስን ጠቆር ማድረግ ይችላል። ሻጮቹ "ብረት ይቀርጻል" የሚሉት ይህንን ነው። ምልክት ነው፤ ቅርጽ አይደለም።

የእጅ ሥራንስ? እንግሊዛዊው ጊታር ሠሪ ቶኒ ዜማይቲስ በ1970ዎቹ ፊታቸው በብረት የተሸፈነ ጊታሮችን ሲሠራ ቅርጹን የሚያወጣው ዳኒ ኦብራየን ነበር፤ ጠመንጃ ላይ ቅርጽ የሚያወጣ ባለሙያ። ብረቱን በእጅ መሣሪያ ስትቆርጡት የጉድጓዱ ግድግዳ ያበራል፤ ጊታሩ ሲንቀሳቀስ ብርሃን ይጫወትበታል። የሌዘር ጉድጓድ ግን ወለሉ ሸካራና ፈዛዛ ነው። ለአንድ የክብር ጊታር በቂ ገንዘብ ካላችሁ የእጅ ቀራጭ ፈልጉ። ለጥቃቅን ፊደልና ተመሳሳዩን ደጋግሞ ለማውጣት ሌዘርን የሚደርስበት የለም።

የፒካፕ ሽፋን

ፒካፕ የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው። ሽፋኑን ማስቀረጽ አማላይ ነው፤ አደገኛም ነው። ሴዝ ላቨር ለጊታር አምራቹ ጊብሰን የፈለሰፈው ሀምበከር የሚባለው ፒካፕ ከ1957 ጀምሮ ጊታር ላይ ሲወጣ የብረት ሽፋን ነበረው። ጥሩ ሽፋን ኒኬል ሲልቨር ከሚባል ቅይጥ ይሠራል። በስሙ አትሸወዱ፤ ውስጡ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል እንጂ ብር የለበትም። የተመረጠው ኤሌክትሪክ ከብራስ ያነሰ ስለሚያስተላልፍ ነው። የብራስ ሽፋን በውስጡ በሚፈጠረው ሽክርክሪት ጅረት የተነሳ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ስለዚህ የተቀረጸ ሽፋን ስትገዙ "ብራስ ነው ወይስ ኒኬል ሲልቨር?" ብላችሁ ጠይቁ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ብራስ ነው።

የሽፋኑ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥልቅ ቅርጽ አይችልም፤ ላይ ላዩን ምልክት ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ፒካፑ ላይ እንደተገጠመ አይቀረጽም። ከሥሩ ያለው የመዳብ ሽቦ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ጥቅሉም ብዙውን ጊዜ በሰም የተነከረ ነው። ያ ሰም ደግሞ ብዙ ሙቀት አይፈልግም፤ ይቀልጣል። ሽፋኑን ማውጣትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብየዳው ይፈታል፣ ሰሙ ይላቀቃል፣ ሲመለስ እንደገና ይበየዳል። እኔ የምመክረው ባዶ ሽፋን ገዝቶ ማስቀረጽ፣ ከዚያ ጊታር ጠጋኝ እንዲገጥመው ማድረግ ነው። በመሎጊያዎቹ (በየክሩ ሥር ባሉት ትንንሽ ብረቶች) መካከል ያለው ርቀት ከፒካፓችሁ ጋር መግጠሙን ሳትለኩ አትዘዙ።

የፕላስቲክ ሽፋኖች ላይ ብዙ አልቆይም። አብዛኞቹ ኤቢኤስ ናቸው፤ በሲኦቱ ይቀልጣሉ፣ ጠርዛቸው ይንጨፈረራል። ነጭ ፕላስቲክ ላይ ንጹሕ ምልክት የሚያወጣው 355 ናኖሜትር የሆነው ዩቪ ሌዘር ነው። ያለው ሰው ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ተዉት።

ፒክጋርድ፦ ከመላካችሁ በፊት ከምን እንደተሠራ እወቁ

ፒክጋርድ አካሉ ፊት ላይ በቪቲ የሚታሰረው ከጭረት የሚከላከል ሳህን ነው። ከፋብሪካ የሚመጡት ባለ ሦስት ንብርብር ፒክጋርዶች አብዛኞቹ ክሎሪን ካለበት ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፒቪሲ በሌዘር አይነካም። በቃ። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለቃል። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ የማሽኑንም ሌንስና ሐዲድ ይበላል። የድሮዎቹ ሴሉሎይድ ፒክጋርዶች ደግሞ በእሳት የሚቀለድባቸው አይደሉም፤ ቦግ ይላሉ። ፒክጋርዳችሁን ስትሰጡት "ከምንድን ነው የተሠራው?" ብሎ የማይጠይቅ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ራሳችሁ ለማጣራት የቆየ ዘዴ አለ። ከቤት ውጭ፣ የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ ፍም እስኪመስል ታግላላችሁ። ከማይታይ ቦታ የተፋቀ ቅንጣት ታስነኩታላችሁ። መልሳችሁ እሳቱ ላይ ስትይዙት ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ያንን ፒክጋርድ ለሌዘር አትስጡ። ሴሉሎይድ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ይህን ሙከራ አትሞክሩት።

አማራጩ አዲስ ፒክጋርድ ከአክሪሊክ ማሠራት ነው። አክሪሊክም ሁለት ዓይነት ነው። በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራው ሲቀረጽ ነጭ በረዶማ መልክ ያወጣል፤ ይሄ ነው የሚፈለገው። በማሽን ተገፍቶ የተሠራው ግን ይቀልጥና ቅርጹ ደብዛዛ ይሆናል። ላዩ ጥቁር ሥሩ ነጭ የሆነ ባለ ሁለት ቀለም የመቅረጫ አክሪሊክም አለ፤ የተቀረጸው ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጉድለቱ መሰንጠቁ ነው። ቪቲውን ከመጠን በላይ አታጥብቁ።

መጠንም አለ። ስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ፒክጋርድ ከ25 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል። ብዙ ፋይበር ማሽኖች ግን ብርሃኑን በመስታወት እያዟዟሩ ነው የሚሠሩት፤ ከ160 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር የሚደርሱት 110 በ110 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ፒክጋርድ በፋይበር ስታስቀርጹ ንድፉ ተከፋፍሎ ይቀጣጠላል፤ መገጣጠሚያው መስመር ሊያሳይ ይችላል። ጭንቅላቱ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ሲኦቱ ይሄ ችግር የለበትም። አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ደግሞ ሲኦቱም ይሠራበታል፤ ቀለሙን አንጥቶ ብርማ ምልክት ይተዋል።

እንጨቱ

አካሉ ላይ ዳዮድና ሲኦቱ ነው የሚፎካከሩት። በፍጥነትም በጥራትም ሲኦቱ ይበልጣል። ግን አንድ ነገር አለ። የጊታር አካል ርዝመቱ ከ40 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ ውፍረቱም 44 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የትንንሾቹ ሲኦቱ ማሽኖች አልጋ (ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ) 30 በ20 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ አካሉ አይገባም። ክፈፉ ክፍት የሆነው ዳዮድ ግን አካሉ ላይ እንዳለ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ርካሹ ማሽን ያሸንፋል። ብርሃኑ ያልተሸፈነ ስለሆነ ትክክለኛ መነጽር ግዴታ ነው፤ ለዳዮድ የተሠራ መነጽር ለፋይበር አይሆንም።

ሜፕል የሚባለው እንጨት ነጣ ያለ ስለሆነ ቅርጹ ጎልቶ ይታያል። አሽ ግን ለስላሳና ጠንካራ መስመሮቹ እየተፈራረቁ ጥልቀቱን ያዛቡታል፤ ረቂቅ ፊደል አይያዝበትም። ሮዝውድና ኤቦኒ ላይ የተቃጠለው ከእንጨቱ አይለይም፤ በነጭ ሬዚን ካልተሞላ አይታይም። ከቫርኒሽ በፊት መቅረጽ ይሻላል። ያለቀ አካል ከሆነ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፤ ጭሱ ላዩን እንዳያበላሸው።

ፍሬትቦርድ፣ ማለትም ጣቶቻችሁ ክሩን የሚጫኑበት የአንገቱ ፊት፣ ጎበጥ ያለ መሆኑን አትርሱ። 241 ሚሊሜትር ሬዲየስ ባለው ፍሬትቦርድ፣ 56 ሚሊሜትር በሚሰፋበት ጫፍ፣ ጠርዙ ከመሀሉ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሌዘሩ መሀሉ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ጠርዙ ላይ መስመሩ ይወፍራል። ንድፉን ወደ መሀል ሰብሰብ አድርጉት። የአንገቱን ጀርባ ግን ለማንም አታስነኩ፤ እጃችሁ የሚንሸራተትበት ቦታ ነው።

ማሽን ልግዛ ወይስ ላሠራ?

ለአንድ ጊታር ማሽን አይገዛም፤ አሠሩ። ጊታር እየጠገናችሁ ወይም እየሠራችሁ ከሆነና ሥራችሁ ብረት ላይ ከሆነ 20 ወይም 30 ዋት ፋይበር ግዙ። አክሪሊክና እንጨት የሚበዛባችሁ ከሆነ አልጋው ሰፋ ያለ ሲኦቱ። ዳዮድን እንጨት ብቻ ለሚሠራ እመክራለሁ። ሦስቱንም አንድ ላይ የሚተካ ማሽን እንሸጣለን የሚሏችሁን አትመኑ።

ስታዙ ንድፉን በቬክተር ፋይል (በመስመር የተሠራ፣ ሲተልቅ የማይደበዝዝ ፋይል) ላኩ። የቪቲ ቀዳዳዎቹን ቦታ በንድፉ ላይ አስገቡ፤ የቪቲ ራስ ከቀዳዳው ስለሚሰፋ አጠገቡ ያለውን ፊደል ይሸፍናል። የሌላ ኩባንያ ዓርማ ጊታሩ ራስ ላይ አስመስለው እንዲቀርጹላችሁ አትጠይቁ፤ የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። ኔክ ፕሌት ከሆነ ደግሞ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጀርባው ላይ ትንሽ ሙከራ ያሳዩአችሁ። ጀርባው ሲገጠም እንጨቱ ላይ ስለሚተኛ ሙከራውን ማንም አያየውም፤ እናንተ ግን ጥልቀቱንና ጥቁረቱን በዚያው ብረት ላይ ታያላችሁ።