የኤጀንሲ ቅጥር ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ምን ያህል ያስተማምናል?

በአዲስ አበባ ባንኮችና የቢሮ ሕንፃዎች ከሚሠሩ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በኤጀንሲ በኩል ነው። ሥራ ቶሎ ይገኝበታል፤ ለዚህ ጥሩ ነጥብ ይገባዋል። እዚህ የምንመዝነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠራተኛዋ ስታረግዝስ?

ውሉን የፈረመውና ደመወዝ የሚከፍለው ኤጀንሲው ከሆነ አሠሪዋ እሱ ነው፤ የምታጸዳበት ባንክ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ታርፋለች። ተከታታይ ስለሆነ እሑድና በዓል ይቆጠራል። ለእርግዝና ክትትል የምትሄድበት ጊዜም ይከፈልበታል፤ የሐኪም ማስረጃ አምጪ ግን ልትባል ትችላለች። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ሽፍትም ሆነ በትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። «ኤጀንሲ ውስጥ የወሊድ ፈቃድ የለም» የሚል መልስ የሰማች ሁሉ የተነገራት ውሸት ነው።

ውሸቱ የሚመጣው ከሒሳቡ ነው። የወሊድ ደመወዝን የሚሸፍን እንደ ጡረታ ያለ ፈንድ ስለሌለ ሙሉው ከአሠሪው ኪስ ይወጣል። ደንበኛው ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሥራ ላይ ለተገኘ ሰው ነው። ኤጀንሲው ለአራሷም ለተተኪዋም እየከፈለ ከደንበኛው የሚቀበለው የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። «እህቴ፣ አሁን ልቀቂና ስትወልጂ እንጠራሻለን» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤውን አለመፈረም ነው። በራሷ ፈቃድ የለቀቀች ሠራተኛ አሠሪው አባረረኝ ብላ ለመከራከር በጣም ትቸገራለች።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ግን የውሉ ዘመን ነው። አዋጁ ከእርግዝናዋ ጀምሮ ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ውሏን ማቋረጥን ይከለክላል (ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋት ሲኖር ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ካልሆነ በቀር)። ሆኖም በትክክል ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ቀኑ ሲደርስ በአንቀጽ 24 በራሱ ያበቃል፤ «አባረርንሽ» ማለት አያስፈልጋቸውም። በድንገት ክፍት ለሆነ መደብ የሚደረገው ጊዜያዊ ምደባ ለምሳሌ ከ45 ተከታታይ ቀናት አይበልጥም፤ የሚደረገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወሊድ የወጣች ሴትን ለመተካት የተቀጠረችም ባለ ቦታዋ ስትመለስ ውሏ ያበቃል፤ እሷም ነፍሰ ጡር ብትሆን።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የማያነሱት ነገር አለ። አንቀጽ 9 ማንኛውንም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ካልኖረ በቀር። አንድን ቢሮ በየቀኑ ማጽዳት የማያቋርጥ ሥራ ነው። በየ6 ወሩ እየታደሰ ሁለት ዓመት የሄደ ውል ወረቀቱ ላይ «ጊዜያዊ» ስለተባለ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። ስለዚህ ያለፉት ውሎች በሙሉ ቅጂ ይኑር፤ የመጨረሻው ብቻ አይበቃም።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠሩ። በክትትል ካርዱ ላይ የተጻፈው የመውለጃ ቀን ታኅሣሥ 20 ቢሆን ፈቃዱ ኅዳር 20 ይጀምራል። በቀኑ ከወለደች የ90 ቀኑ ፈቃድ እስከ መጋቢት 20፣ ከስንብት የሚጠብቃት 4 ወር ደግሞ እስከ ሚያዝያ 20 ይደርሳል። ምጡ ዘግይቶ ታኅሣሥ 27 ብትወልድ መካከል ላይ ያሉት ቀናት ከዓመት ፈቃዷ አይነሱም፤ የሐኪም ወረቀት ይዛ እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች፤ 90ውም ከ27 ይጀምራል። ቀድማ ከወለደች ደግሞ የድኅረ ወሊዱ ቆጠራ ወዲያው ይነሳል። ደመወዝ ክፍል በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ መዝገብ ቤት በአንደኛው ላይ ገቢ ያደረገበትን ቁጥርና ቀን አስፍሮ ማኅተም ያድርግበት። ለሱፐርቫይዘር በስልክ መንገር ማስረጃ አይሆንም፤ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ነገ ሌላ ሳይት ሊዛወር ይችላል። በፈቃዱ ወራት የጡረታ መዋጮው (ከሠራተኛዋ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) መግባቱም ይታይ።

ስትመለስ «ደንበኛው ሌላ ሰው ለምዷል» ከተባለች፣ ያ የኤጀንሲውና የደንበኛው ጉዳይ ነው። ሌላ ሳይት መመደብ የኤጀንሲው ሥራ ነው። ካልመደባት በክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ላለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ታመልክት። በእርቅ የሚያልቅ ሁሉ እዚያ ቢያልቅ ይሻላል፤ ሆኖም ሳታመለክት ከዘገየች ቀኑ ይሄዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ማለፍ) ይታገዳል። «ደንበኛ እስኪገኝ ትንሽ ታገሺ» እየተባለች አራተኛው ወር የገባባት ሠራተኛ የመመለስ ጥያቄዋ በይርጋ ይወድቅባታል፤ «ታገሺ» ያላትም ሰው በጽሑፍ የሰጣት ነገር የለም።