ሐዋሳ ላይ «20×50» እየተባለ የሚሸጠውን ባይኖኩላር ሳትፈትሹ አትግዙ

ወፍ ለማየት ባይኖኩላር የምትፈልጉ የሐዋሳ ሰዎች፣ አስጎብኚዎችም ተማሪዎችም፣ ይህን ሳታነቡ ብር አትላኩ። በቴሌግራም ገበያውና በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ «20×50»፣ «60×60»፣ አልፎ አልፎም «100×180» የተጻፈባቸው ባይኖኩላሮች እየተሸጡ ነው። ማስታወቂያው ላይ በረዷማ ባሕር ላይ የሚዋኝ ዳክዬ ፎቶ ይለጠፍና «ፈረንጆቹ ብርቅዬ የባሕር ዳክዬ የሚያዩበት፣ ማታም የሚሠራ፣ ኦርጅናል» ይባላል። ከዚህ ሁሉ እውነቱ ዳክዬው ብቻ ነው።

ስቴለርስ አይደርና ኪንግ አይደር የሚባሉት የባሕር ዳክዬዎች የአውሮፓን ብርዳማ ክረምት ከሚያሳልፉባቸው ቦታዎች አንዱ ሰሜን ኖርዌይ፣ ቫራንገር ፊዮርድ ነው። እዚያው ያሉት ከተሞች ቫድሶና ቫርዶ ድረስ ሄደው የሚያዩዋቸው ሰዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ባይኖኩላር ግን አብዛኛውን ጊዜ 8×42 ወይም 10×42 ነው። ከዚያ በላይ ማቅረብ ሲፈልጉ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ ቴሌስኮፕ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይተክላሉ። 20 እጥፍ የሚያቀርብ ዕቃ በእጅ ከተያዘ የእጅን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላዋል። ሐይቃችን ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦማ ጭራሽ አይታሰብም።

ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 8×42 ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያለፈ ይሰጣል። የእውነት የሆነ 20×50 እንኳ 2.5 ብቻ ነው። ወፍ በደንብ በሚታይበት በንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ የዓይናችን ብሌን ከዚያ በላይ ስለሚከፈት ምስሉ ጨለም ይላል። «100×180» የሚለውማ ፈተናም አያስፈልገውም፤ 180 ሚሊ ሜትር ማለት 18 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የተሰጣችሁ ዕቃ ሌንስ ግን የቡና ሲኒ አፍ አያክልም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሱቅ ውስጥ በመብራት ሁሉም ባይኖኩላር ያምራል፤ ውጪ ይዛችሁ ውጡ፣ ከተቻለም ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀጣጠሩ። ባይኖኩላሩን ከፊታችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩት፤ ፀሐይዋ ላይ ግን ፈጽሞ አታነጣጥሩ። በዓይን በኩል ባለው ሌንስ መሐል ትንሽ የብርሃን ክብ ትታያለች። ማስመሪያ አስጠግታችሁ ለኳት። ቀጥሎ ጥላ ቦታ ግቡና የስልካችሁን ፍላሽ ከዓይን በኩል ካለው ሌንስ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አብሩ፣ የፊት ሌንሱ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋችሁ ያዙ። ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ክብ ትክክለኛው የሌንሱ ስፋት ነው። «50» ተብሎ 32 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ርካሽ ሌንስ ጠርዙ ላይ ምስል ስለሚያደበዝዝ ያንን ለመደበቅ ከውስጥ ጥቁር ቀለበት ይገጥሙበታልና። የመጀመሪያዋ ክብ 4 ሚሊ ሜትር ከነበረች 32 ሲካፈል ለ4፣ 8 ነው። በ«20×50» ስም 8×32 ተሸጠላችሁ ማለት ነው፤ ያውም መጥፎ 8×32።

የመጀመሪያዋን ክብ ቅርጽም እዩ። ድፍን ክብ ከሆነች ደህና። ጎንና ጎኗ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለች ውስጡ ያለው ፕሪዝም፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ርካሹ ነው።

ሌንሱ እንደ መስታወት ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሚያንጸባርቅ ከሆነ አስቀምጡት። ሻጩ «የማታ ማያ ነው» ይላችኋል። የማታ ማያ መሣሪያ ባትሪና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይፈልጋል፤ ቀይ ቅብ ማታ አያሳይም። እንዲያውም ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው ወደ ዓይን የሚደርሰው ምስል አረንጓዴና ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ለወፍ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በውሃ አበባ ቅጠሎች መሐል የሚቀመጠውን አፍሪካን ፒግሚ ጉስ አስቡት፦ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽዬ ዳክዬ ነው፣ ወንዱ ፊቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ቢጫ፣ ጎኑ የዝገት ቀለም። በቀይ ሌንስ ስታዩት ያ የዝገት ቀለም ደብዝዞ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰልባችኋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሁለቱ ቱቦዎች አለመገጣጠም ነው፤ ብዙ ሰው «ዓይኔ ነው የደከመው» እያለ ራሱን የሚጠረጥረውም እዚህ ጋ ነው። ራቅ ያለ አግድም የኤሌክትሪክ ሽቦ ፈልጉ። አጥርታችሁ ካያችሁት በኋላ ባይኖኩላሩን ቀስ እያላችሁ ከዓይናችሁ አርቁት። በግራና በቀኝ የሚታየው ሽቦ በአንድ መስመር መቆየት አለበት። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ዓይናችሁ ሁለቱን አንድ ለማድረግ ሲታገል ይውላል፤ ብዙም ሳይቆይ ራስ ምታት ይጀምራል። ይህን ለማስተካከል ፕሪዝሙን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። የማቅረቢያው መጠን በማንሻ የሚቀያየር፣ «ዙም» የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሁለቱን ጎን እኩል ማንቀሳቀስ ስለሚያቅተው ይህ ችግር ይብስበታል።

«ዋተርፕሩፍ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋጋ የለውም። ውሃ የማያስገባ ባይኖኩላር ውስጡ ናይትሮጅን ተሞልቶ፣ መጋጠሚያው በጎማ ቀለበት የታሸገ ነው። ምስል ማጥሪያውን ስታዞሩ በዓይን በኩል ያሉት ሌንሶች በአንድ ድልድይ ላይ ሆነው ከነቧንቧቸው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚመላለሱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አየርም እርጥበትም ይገባበታል። በክረምት ውስጡ ጉም ይይዛል፣ ቆይቶም ሻጋታ።

ስለ አከፋፈሉ። «ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» የሚል ሻጭ የሚፈራው ነገር አለ። ቀብድ በቴሌብር አስቀድማችሁ አትላኩ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረም ለመግዛት አይገደድም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ደረሰኙም ላይ ሞዴሉና «8×42» የሚለው ቁጥር ይጻፍ። «ባይኖኩላር 1» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ በኋላ ለክርክር አይረዳችሁም።

ለሐይቁና ለጥቁር ውሃ ረግረግ 8×42 ይበቃል፤ ክብደቱ ከከበዳችሁ 8×32። መነጽር የምታደርጉ ዓይን ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆም ሙሉ ምስል የሚያሳየውን ምረጡ። ያገለገሉ የድሮ የሶቪየት 8×30ዎች ካገኛችሁም አትናቁ፤ ምስላቸው ትንሽ ወደ ቢጫ ቢያደላም ጠንካሮች ናቸው። እነሱ ላይ ሻጋታ ነው የሚፈለገው፦ በፍላሽ ከፊት አብርታችሁ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሌንሱ ላይ ካለ ተዉት። ከውጭ አገር ዘመድ ይዞላችሁ እንዲመጣ ካሰባችሁ ግን ኤርፖርት ላይ ባይኖኩላር በጉምሩክ ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ ስላለ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀድማችሁ የገዛችሁና በሽቦው ፈተና ባይኖኩላሩ የወደቀባችሁ ደግሞ ሻጩ አልመልስም ካለ ዕቃውን አትጣሉት። ጥርት ብሎ የሚያሳየውን ጎን ለዩ፣ የሌላውን የፊት ሌንስ ክዳን ዝጉበት፣ በአንድ ዓይን ተጠቀሙበት። ራስ ምታቱ ይቀራል።