ድሬዳዋ ደርሼ ሐረር አልደርስ አለኝ

ከሰባት ዓመት በኋላ ሐረር ያለችውን እናቴን ለማየት አገሬ ገባሁ። ስለ መንገዱ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈው።

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መመለሻው ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። ሕፃን ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ከቦሌ ድሬዳዋ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀበቶዬን ፈትቼ ሳልደላደል እንደገና እሰሩ ተባልን። እስከዚህ ድረስ አንድም ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የመጨረሻዋ 55 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከዋሽንግተን ባልቲሞር እንደ መሄድ ማለት ነው። መኪናውን ከአሜሪካ ሆኜ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ተከራይቼ ግማሹን ክፍያ ልኬ ነበር። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ስወርድ ማንም የለም። ደወልኩ። «አቦ መጣሁ፣ ደንገጎን እየወረድኩ ነው» አለኝ ሹፌሩ፤ ከሐረር ሲመጣ ድሬ ከመድረሱ በፊት ያለውን ቁልቁለት ማለቱ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ደንገጎን እየወረደ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላም። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አይቶኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «እህቴ፣ ጥላው ጋ ተቀመጪ» ብሎ ውሃ አመጣልኝ። እግዜር ይስጠው።

ሹፌሩ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ሁለቱን ሻንጣ ሲያይ «ይሄማ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ቀሪውን እጥፍ ታደርጊዋለሽ» አለ። ስለ ሻንጣው አስቀድሜ ጽፌላቸው ነበር። መልእክቱን ባሳየውም «ከቢሮው ጋር ተነጋገሪ» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቢሮው ስልክ አያነሳም። ከፈልኩ። በዚያ ላይ አወዳይ ስንደርስ የራሱን ጫት ሊገዛ ቆሞ አርባ ደቂቃ ገተረኝ። እናቴ ከቀትር ጀምራ በር ላይ ነበረች። የመጀመሪያው ቡና ፈልቶ ቀዝቅዞ፣ ሁለተኛው እየተቆላ ደረስኩ። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። የዘጠና ዓመት ሴት ደጅ ላይ አስቁሞብኛል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለመኪና ቅድሚያ አትላኩ። ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ይቀበላችሁ። ከሌላችሁ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሂዱ፤ የሐረር ሚኒባስ እንደሞላ ይነሳል።

ስመለስ እኔም እንደዚያው አደረግኩ። በርበሬና ሽሮ ለሞላው ሻንጣዬ የአንድ ሰው ሂሳብ ጨመርኩ። ረዳቱ ራሱ ጫነልኝ፣ ራሱ አወረደልኝ። ሐሮማያን አልፈን፣ ደንገጎን ወርደን፣ ከተነሳን በአንድ ሰዓት ተኩል ድሬ ነበርን። አየር ማረፊያው በር ላይ ያ ጥበቃ ከሩቅ ለየኝ። «እናትሽን አገኘሻቸው?» አለኝ።