ሴንሰር ያለው ጎማ አፈታት የሚያውቅ ጎሚስታ ገርጂ አገኘሁ

ጎማው ውስጥ የአየር ሴንሰር ያለው መኪና የምትነዱ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ። የሚያሳስበው ጎማው መበሳቱ አይደለም፤ የሚፈታው ሰው ነው። ለዚህ ነው ገርጂ፣ መብራት ኃይል አካባቢ ስላገኘሁት ጎሚስታ ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ቤቱ ስም የለውም። በሩ ላይ ነጭ የተቀባ አሮጌ ጎማ ተሰቅሎ "ጎሚስታ" ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ የውሃ ገንዳ፣ በቃ። ልጁ ግን ሥራውን ያውቃል።

መኪናዬ ከአሜሪካ የመጣ ራቭ ፎር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የፋየርስቶን ጎማዎች በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ እየተላጡ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ሕግ ወጣ፤ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሁሉም የቤት መኪና የአየር ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚበራው፣ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለው ምልክት እሱ ነው። በሕጉ መሠረት አየሩ ፋብሪካው ካዘዘው 25 በመቶ ሲወርድ መብራት አለበት። 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚነፋ ጎማ 24 ደርሷል ማለት ነው። ያ ቀላል አይደለም፤ መብራቱ በርቶ ሳምንት የሚነዳ ሰው ጎማውን እየጨረሰ ነው።

ልጁ ክሪክ ከማንሳቱ በፊት "ጋሼ፣ ሴንሰር አለው?" አለኝ። አለው ስለው "እስቲ ቁልፉን ያዙሩልኝ፣ መብራቱን አብረን እንየው" አለ። ይሄን ሌላ ቦታ አላየሁም፣ ግን ትልቅ ነገር ነው። መብራቱ በርቶ ዝም ካለ አየር ጎድሏል ማለት ነው። መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ችግሩ ከሲስተሙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ሴንሰር ባትሪ አልቋል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፣ እዚህ የሚገቡት ያገለገሉ መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ ያንን ዕድሜ አልፈውታል። ሥራ ሳይጀመር አብራችሁ ካያችሁ በኋላ "አንተ ነህ የሰበርከው"፣ "የለም፣ ድሮም ተበላሽቶ ነው የመጣው" የሚባል ጭቅጭቅ የለም።

ሴንሰሩ የት እንዳለ ካላወቃችሁ፦ አየር የምትነፉበት ቫልቭ ከውስጥ በኩል እግሩ ላይ የተያያዘች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ባትሪዋም እዚያው ውስጥ ነው። ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ ማሽኑ ወይም ብረቱ ቫልቩ አጠገብ ከገባ ቀጭ ትላለች። ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ቦታ ይሄው ነው የደረሰብኝ። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቅ ብረቱን ቫልቩ ሥር ሰደደ፣ ሰበረ፣ ከዛ "ይሄ ምን ይሠራል፣ ብዙ መኪና ላይ እኮ አውጥተን ጥለነዋል" አለኝ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ ምትኳን ፍለጋ የተንከራተትኩት እኔ ነኝ።

የገርጂው ልጅ መጀመሪያ አየሩን ጨርሶ አወጣ፣ ቫልቩ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ ከዛ ጎማውን ከቫልቩ ተቃራኒ በኩል ማላቀቅ ጀመረ። ቸኩሎ አይሠራም። ከተላቀቀ በኋላ ውስጡን በባትሪ መብራት ዙሪያውን አየው፣ ምክንያቱም ሳያውቁት ተንፍሶ የተነዳ ጎማ ከውስጥ ጎኑ ተፍቆ ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ደግሞ ቢለጠፍም አይታመንም። ሚስማሩ የገባው መሃል ጥርሱ ላይ ስለነበር ይሠራል አለ። ጎኑ ወይም ትከሻው ላይ ቢሆን፣ ወይም ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ እንደማይነካው ነገረኝ። ትክክል ነው።

የለጠፈው ከውስጥ ነው። ልጥፉ እግር አለው፤ እግሩ በቀዳዳው ያልፋል፣ ጠፍጣፋው ከውስጥ በማስቲሽ ይያዛል። ከውጭ በመርፌ የሚሰካውን የጎማ ገመድ መንገድ ላይ ለጨነቀው ሰው እንጂ አልጠቀምም አለ። ስለ ከመነዳሪም ጠየቅኩት፣ ብዙ ጎሚስታ ልጥፉ እምቢ ሲለው ከመነዳሪ ይክተትልህ ስለሚል። ሳቀና "ታዲያ ሴንሰሩ የት ይሄዳል?" አለ። እውነቱን ነው። የከመነዳሪው ቫልቭ የሚወጣው በዚያው ቀዳዳ ስለሆነ ሴንሰሩ ተነቅሎ መውጣት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም መኪና ጎማው ውስጥ ሴንሰር የለውም፤ አንዳንዱ በኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ሲስተም) በኩል የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸረ ነው የሚያውቀው። ቫልቩ ብረት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሴንሰር አለ። ላስቲክ ከሆነ ግን የለም ብላችሁ አትደምድሙ። እና እባካችሁ መብራቱን ለማጥፋት ብቻ ብላችሁ ሪሴት አትጫኑ፤ ብዙ መኪና ላይ ሪሴት ማለት "አሁን ያለውን አየር ልክ ነው ብለህ ያዝ" ማለት ነው። መጀመሪያ በትክክል ይነፋ፣ ከዚያ ይጫናል። ትክክለኛው ቁጥር ሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ላይ አለ።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ብትሄዱ አትቆጩም። ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ የሚሰጧችሁ ፈሳሽ ማሸጊያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ፈሳሹን ከተጠቀማችሁ ሳይፈታ በፊት ንገሩት፣ የሴንሰሯን ቀዳዳ ሊደፍን ስለሚችል መታጠብ አለባት። ስክሪኑ ላይ በኪሎፓስካል ካነበባችሁም ልጁ ያውቀዋል፤ 250 ሲባል ወደ 36 ፒኤስአይ ገደማ ነው።

የሚጎድለውን ደግሞ ልናገር። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ስካነር የለውም። ሴንሰራችሁ ከሞተ አዲስ አይሸጥም፣ የአዲሱን ሴንሰር መለያ ቁጥርም መኪናው ላይ አያስገባም፣ ብዙ ቶዮታ ላይ ደግሞ ያ ሳይደረግ መብራቱ አይጠፋም። ሌላ ቦታ ስትገዙ ሴንሰሩ ለመኪናው መልእክት የሚልክበትን የሬዲዮ ፍሪክዌንሲ አረጋግጡ፤ የአሜሪካ መኪና ብዙውን ጊዜ 315 ሜጋኸርትዝ ነው፣ የአውሮፓው 433፣ አንዱ በሌላው አይሠራም። ባላንስም የለውም፣ ለእሱ ሌላ ቤት መሄድ ግድ ነው። ወረፋው ይሰለቻል፤ አንድ ሰው ነው የሚሠራው። ዋጋውም ከአካባቢው ጎሚስታዎች ከፍ ይላል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። ከአንድ ሴንሰር ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ስወጣ "ጠዋት ሳይሞቅ ይምጡና እንደገና እለካዋለሁ" አለኝ፣ ጎማ ከሮጠ በኋላ የሚለካ አየር ከፍ ብሎ ስለሚታይ። ሄድኩ፣ ለካው፣ ምንም አልወረደም፣ ገንዘብም አልጠየቀኝም። ቸርኬያችሁ የሌባ መከላከያ ዳዶ ካለው መፍቻውን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ጋር የለም። በቴሌብር ይቀበላል፤ እሑድ ከሰዓት ዝግ ነው።