ግፊቱ ሳይለካ «ካምቢዮው አልቋል» ለሚላችሁ ጋራዥ ቀብድ አትክፈሉ

የጭነት መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ለመያዝ ሲዘገይ፣ ሲንሸራተት ወይም እየመታ ሲገባ ከብዙ ጋራዥ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «አልቋል፣ ይውረድና ይታደስ»። ትንሽ ነዳ አድርገው፣ ስካነር ሰክተው፣ ዘይቱን አሽትተው የሚሰጡት ፍርድ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመስመር ግፊቱ (ፓምፑ ዘይቱን ገፍቶ ማርሽ የሚያሲዝበት ግፊት) ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲዞር፣ ስንት ሆነ፣ ሲጫንስ ስንት? ቁጥር ካልነገሯችሁ መኪናችሁ አልተመረመረም ማለት ነው።

«ስካነሩ አሳይቶናል» የሚለው መልስ አያጽናናችሁ። ብዙ ካምቢዮዎች የመስመር ግፊት ሴንሰር የላቸውም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ኮምፒውተሩ ያዘዘውን ግፊት እንጂ ውስጥ ያለውን አይደለም። ታዞ የነበረው 90 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሆኖ ውስጥ ያለው 40 ሊሆን ይችላል፤ ስካነሩ ግን 90 ብሎ ቁጭ ይላል። እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው ካምቢዮው ጎን ላይ ካለው የመለኪያ ቀዳዳ ነው። የቀዳዳው መዝጊያ ይፈታል፣ እስከ 400 ፒኤስአይ (28 ባር ገደማ) የሚያነብ ጌጅ በረጅም ቱቦ ይታሰራል፣ ጌጁ ሾፌሩ ፊት ይቀመጣል። ካምቢዮ ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ይሄ ሥራ ምንም አይደለም፤ የማያደርገው ጋራዥ ወይ ጌጅ የለውም ወይ ውጤቱን አይፈልገውም።

ከጌጁም በፊት ዘይቱ ይታይ። መኪናው ደልዳላ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ በአብዛኞቹም ላይ ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል። ሲበዛ ደግሞ የሚዞሩት ክፍሎች ዘይቱን እየደበደቡ አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ስለዚህ «ትንሽ ዘይት ጨምርበት» ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም፤ አንዳንዴ በሽታው ራሱ እሱ ነው። ችግሩ የጀመረው ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ ደግሞ የፊልትሮውን አንገት የሚይዘውን ጎሚኒ ጠርጥሩ። አሮጌው ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተገፋ ቦታውን በትክክል አይዝም፤ ፓምፑ ዘይት ሳይሆን አየር ይጎትታል። ምልክቱ የፓምፕ ጩኸትና የሚንቀጠቀጥ የጌጅ መርፌ ነው። ለዚህ ሙሉ እድሳት የከፈለ ሰው ተዘርፏል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ዘይቱ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይሙቅ። በብዙ ቀላል የጭነት መኪኖች ሚኒሞ ላይ በዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ፣ ወደ ኋላ ማርሽ ተጭኖ ደግሞ ከ200 በላይ ይታያል፤ ትክክለኛው ልክ ግን ከካምቢዮ ካምቢዮ ይለያያልና የዚያ ሞዴል የአምራቹ ሰንጠረዥ ከጌጁ አጠገብ ይቀመጥ። ፍሬን ተረግጦ የሚደረገውን የጭነት ሙከራ አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ፣ ጎማው በታኮ ተይዞ፣ ከ5 ሰከንድ ሳይበልጥ ይደረግ። ከዚያ በኋላ በነጻ ማርሽ ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። ሦስት አራቴ እየደጋገመ የሚረግጥ መካኒክ ደህናውን ፍሪሲዮን (ማርሹን የሚይዙትን ዲስኮች) እናንተ ፊት እያቃጠለ ነው።

ግፊቱ በሁሉም ማርሽ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የጋራ ከሆነው መንገድ ነው፦ የዘይት መጠን፣ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ። በአንድ ማርሽ ብቻ ከወደቀ ግን የዚያ ማርሽ ፍሪሲዮን መስመር ውስጥ ጎሚኒ ወይም የማተሚያ ቀለበት እያፈሰሰ ነው፤ ፓምፕ ሊሸጥላችሁ የሚሞክረውን አትስሙ። ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ መልሱ መበላት ነው፤ የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን በትንሿ ክፍተት ያመልጣል። ብርድ ላይ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ብሎ የሚያስረክባችሁም የዚሁ ዘዴ ሌላ ገጽ ነው።

ጥፋቱን የሚለይ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ፦ መኪናው ቆሞ የግፊት ሶሌኖይዱ (ግፊቱን በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ሶኬት ይነቀል። በአብዛኞቹ ካምቢዮዎች ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግፊቱ ወደ ጣሪያው ይወጣል (በአንዳንዶቹ አሠራሩ ተቃራኒ ነው፣ መመሪያው ይታይ)። ወጥቶ ሰንጠረዡ ላይ ካለው ከፍተኛ ቁጥር ከደረሰ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ግፊቱን ያወረደው ብዙ ጊዜ ሽቦ፣ ሶሌኖይድ ወይም ኮምፒውተር ነው፣ ለዚያም ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። በተቃራኒው ሁልጊዜ ግፊቱ ከፍ ብሎ ማርሹ እየመታ የሚገባ መኪና ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

እውነትም መውረድ ካለበት «ታድሷል» የሚለው ቃል ምን እንደያዘ በጽሁፍ አስጽፉ። ርካሹ እድሳት ዲስኮችንና ጎሚኒዎችን ቀይሮ ይዘጋል። የመቆጣጠሪያው ቫልቭ የሚንሸራተትበት የአሉሚኒየም ቀዳዳ ግን ከተበላ ዘይት በጎኑ ያመልጣል፤ ግፊቱ እንደገና ይወርዳል፣ አዲሶቹ ዲስኮችም ይቃጠላሉ። ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ካልተቀየረና የዘይት ማቀዝቀዣው ካልታጠበ የድሮው ብናኝ ተመልሶ አዲሱ ቫልቭ ውስጥ ይገባል። በወረደው የዘይት መያዣ ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ መኖሩ የተለመደ ነው፣ እሱን አሳይተው አያስደንግጧችሁ፤ የሚያስፈራው የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ነው።

ሲገጠምም ቁሙና እዩ። ኮንቨርተሩ የፓምፑን ጥርስ በደንብ ሳይይዝ ቡሎን እየጠበቀ ከተጎተተ ፓምፑ ይሰበራል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግፊት ዜሮ ይሆናል፣ ጋራዡም «ዕቃው ችግር ነበረበት» ይላችኋል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ተጋጥሞ ኮንቨርተሩ ገና ሳይታሰር በእጅ በነጻ መዞር አለበት፤ ከሞተሩ ሳህን ጋርም በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ይኖረዋል። ክፍተቱ ከጠፋ ቡሎኑ አይጥበቅ፤ ካምቢዮው ወደ ኋላ ይመለስና ኮንቨርተሩ እንደገና ይግባ።