ኒውዮርክ ሆናችሁ የሥዕል ሕትመት መማር ከፈለጋችሁ፦ የሮበርት ብላክበርን ወርክሾፕ
ማንሃተን 39ኛው ጎዳና ላይ ያለውን የሮበርት ብላክበርን የሕትመት ወርክሾፕ ለማንኛውም ሠዓሊ እመክራለሁ። የጀማሪ ኮርስ ወስጄ ነው የምጽፈው፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ከዚያ በፊት ስሙን የማልጠራው ሌላ ስቱዲዮ ተመዝግቤ ነበር። እኛ እንሥላለን፣ የሚያትመው ግን ባለሙያው ነው፤ ፕሬሱን፣ ማለትም ማተሚያ ማሽኑን፣ አንድም ቀን አላስነኩንም። ያማረ ወረቀት ይዤ ወጣሁ፣ ሙያው ግን እዚያው ቀረ። እዚህ ቀለሙን የምትቀቡት ራሳችሁ፣ ፕሬሱን የምታዞሩትም ራሳችሁ ናችሁ። ሲበላሽባችሁ ደግሞ አጠገባችሁ የሚሠራው ሰው የራሱን ትቶ መጥቶ ያሳያችኋል።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። የወርክሾፑ መሥራች ብላክበርን ያደገው የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ነው፣ ያውም በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን። እ.ኤ.አ. በ1937 በመንግሥት ድጎማ የተከፈተው የሃርለም ማኅበረሰብ የጥበብ ማዕከል የሰፈሩን ሰው በነፃ ያስተምር ነበር፤ የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ቀራፂዋ ኦገስታ ሳቬጅ ናት። ብላክበርን ሊቶግራፊን፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ሥሎ ማተምን፣ ገና በወጣትነቱ እዚያ ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ድጎማው ቆመና ማዕከሉ ተዘጋ። እሱ ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ፣ በሩንም ለጥቁሩም ለነጩም ከውጭ አገር ለመጣውም ክፍት አደረገው፤ ሮማሬ ቤርደንና ኤማ አሞስን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች እዚያ ሠርተዋል። የታዋቂዎቹን አሜሪካውያን ሠዓሊዎች የጃስፐር ጆንስንና የሮበርት ራውሸንበርግን የመጀመሪያ ሊቶግራፎች ሌላ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ያተመውም እሱ ነው። የእነሱን ስም ሁሉም ያውቃል፣ የእሱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ሁሌም ያበሽቀኛል።

ወርክሾፑ በ2001 ተዘግቶ ነበር። ብላክበርን በ2003 ካረፈ በኋላ፣ በ2005 ኤልዛቤት ፋውንዴሽን በተባለ የሥነ ጥበብ ድርጅት ሥር እንደገና ተከፈተ።

የሊቶግራፊ ድንጋዩን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ትሥላላችሁ፣ በአሲድና በሙጫ ታክሙታላችሁ፣ ከዚያ ድንጋዩን በውሃ እያረጠባችሁ ቀለሙን በሮለር ትቀቡታላችሁ። ቅባትና ውሃ ስለማይስማሙ ቀለሙ የሚይዘው የሣላችሁት ላይ ብቻ ነው። የሚፈለገው ቅጂ ታትሞ ሲያልቅ ድንጋዩ በአሸዋና በውሃ ይፈገፈጋል፣ አሮጌው ሥዕል ይጠፋና ሌላ ሰው ይሥልበታል። አንድ ድንጋይ ስንት ሠዓሊ እንዳሳለፈ ማን ያውቃል!

ለሚቸኩል ሰው ግን አይሆንም። ድንጋይ መፈግፈግ ክንድ ይጨርሳል፣ ፕሬስ ተራ ይጠበቃል፣ ልብስም ቀለም ይነካዋል። ለጀማሪ በሊኖ (ለስላሳ ንጣፍ ቀርጾ ማተም) ወይም በሞኖታይፕ (ሰሌዳ ላይ በቀለም ሥሎ አንድ ቅጂ ማተም) መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ውጤቱን ቶሎ ስታዩት ድንጋዩን ለመድፈር ወኔ ይሰጣችኋል። የሕትመት ልምድ ለሌላቸው ሠዓሊዎች የሚሰጥ ፌሎሺፕም (ተወዳድረው የሚያገኙት የሥልጠና ድጋፍ) ስላላቸው፣ ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ማመልከቻው መቼ እንደሚከፈት ጠይቁ።